ሙዚየሙ የፈለገው የልጄ ዳቦ

ለክቡር ጄኔራል የመከላከያ ሚኒስትር
ዋና ከተማ

ጉዳዩ፦ ለሠላሳኛው ዓመት በዓል የተጠየቅነውን ዳቦና የሚኒስቴሩን ታሪክ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን እኔና ባለቤቴ ቡሩል ከኮክ-ዣር መንደር እጅ እየነሣን ጤናዎን እንጠይቃለን። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎ ሁሉ ደህና እንደሚሆን ተስፋ እናደርጋለን፤ በቴሌቪዥን እንደምናየው አንገትዎ ከኮሌታው ተርፎ መፍሰስ ስለጀመረ ምግቡ እንደሚስማማዎት አንጠራጠርም። በተለይ ደግሞ ለጥርስዎ ጤና እንመኛለን። ባለፈው የሰልፍ ቀን መድረኩ ላይ ሆነው ሲስቁ አንድም ሳይጎድል ተደርድሮ አይተነዋል፤ ይህን ለምን እንዳነሣሁት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

ስሜ ኦሮዝቤክ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም የብርድ ልብስና የጫማ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ እርስዎ ያኔ ሻምበል ነበሩና አንድ ክረምት ሁለት ካፖርት ከእኔ እጅ ወስደዋል። ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ እርስዎን የሚያህል ሰው የሚረሳው ብዙ ስላለ እኔን ለማስታወስ ጊዜ አይተርፈውም።

አሁን የምጽፍልዎ ሚኒስቴርዎ ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር «ሚናውንና ታሪኩን» ለትውልድ የሚያሳይ ሙዚየም ሊከፍት እንደሆነ ስለተነገረን ነው። ለዚሁ ጉዳይ ሻለቃ ኤሰንጉል የሚባል ጨዋ መኮንን የመስታወት ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ልጃችን ቲሌክ ነክሶ የተወውን ዳቦ ለሙዚየሙ እንድንሰጥ በትሕትና ጠይቆናል። «አባባ፣ መብራት ይበራለታል፤ ከሥሩም ስሙ በወርቅ ቀለም ይጻፋል» አለኝ። አልሰጠነውም። ምክንያቱን ሚኒስቴርዎ እንደሚወደው በቁጥር ከፋፍዬ በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንድ፦ ስለ ሚኒስቴሩ መወለድ። በሙዚየሙ መግቢያ «በነፃነት ማግሥት የሕዝብ ክንድ ሆኖ ተወለደ» የሚል ጽሑፍ እንደሚሰቀል ሰምቻለሁ፤ በቦታው ስለነበርኩ ትንሽ ልጨምርበት። ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ ሁሉም ወደየአገሩ ሲበተን የጦር ሰፈራችን አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ሻንጣቸውን አስጭነው ሲያበቁ የመጋዘኖቹን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ጦር አላችሁ፤ ምን እንደምታደርጉበት እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው በባቡር ሄዱ። ሚኒስቴሩ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ያማጠ ሰው አልነበረም። ቢሮ ስላልነበረው የተዘጋ መዋዕለ ሕፃናት ተሰጠው፤ የመጀመሪያው ሚኒስትራችንም በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው ጆሯቸው እስኪደርስ ተቀምጠው የአገሪቱን ድንበር በካርታ ላይ ያሰምሩ ነበር። ልጆቹ የየራሳቸውን ማንጠልጠያ እንዲለዩ የተለጠፉት ሥዕሎች ስላልተነሡ ሚኒስትሩ ካፖርታቸውን ዳክዬው ላይ፣ ምክትላቸው ጃርቱ ላይ፣ እርስዎ ደግሞ እንጉዳዩ ላይ ይሰቅሉ ነበር። መሐላውንም እዚያው ምግብ አዳራሹ ውስጥ ፈጸምን፤ አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ ተሰፍቶ ስላልደረሰ ቀለሙ የሚቀራረብ መጋረጃ አውርደን ፊቱ ቆመን ማልን። አብዛኞቻችን ከዚያ ቀደም ለሌላ አገር የማልን ስለነበርን አፋችን ለምዶታል፤ ሁለተኛው መሐላ ከመጀመሪያው አጭር በመሆኑም ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ለሙዚየሙ ዕቃ ከተፈለገ ያን ባለ እንጉዳይ ማንጠልጠያ አፈላልጉት፤ ከእኛ ዳቦ ይልቅ እሱ ታሪክ አለው።

ሁለት፦ ስለ ሚኒስቴሩ ሚና። የመከላከያ ሚኒስቴር ሥራ አገር መጠበቅ ነው ተብለን ተምረናል፤ የእኛው ግን ከዚህ አልፎ እጅግ አስተዋይ ነበርና፣ ጠላት ቢገባ የሚዘርፈው እንዳያገኝ አስቀድሞ ራሱ ዘርፎ ጨረሰ። ታንኮቹ ተቆራርጠው ብረታቸው በጭነት መኪና ድንበር ተሻገረ። የአውሮፕላን ማረፊያው ኮንክሪት እየተነቀለ የጄኔራሎች ግቢ ንጣፍ ሆነ። ከመንደራችን ወዲያ ያለው የራዳር ጣቢያም የአንድ ምክትል ሚኒስትር ዶሮ ቤት ሆነ፤ እውነት ለመናገር ከሠራዊቱ ዘመቻዎች ሁሉ በትክክል የተሳካው እሱ ነው፣ እንቁላሉ ጥሩ ነበር። በኋላ ታጣቂዎች ተራራውን አቋርጠው በገቡ ጊዜ ልጆቹን በበጋ ጫማ በረዶ ላይ አወጣችኋቸው። እኔ ጡረታ ስወጣ መደርደሪያ ሙሉ አድርጌ ያስረከብኩት የክረምት ጫማ የት እንደገባ ሲጠየቅ የወቅቱ ሚኒስትር «ወታደር እየተራመደ ይሞቃል» ብለው መለሱ። ከመንደራችን የሄዱ ሁለት ልጆች የእግር ጣታቸውን እዚያው ትተው ተመለሱ፤ እንደ ዕድለኛ የሚቆጠሩትም እነሱ ናቸው። ለእነሱ ስለተሰጠው የምስጋና ወረቀት በዚህ አጋጣሚ እናመሰግናለን፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለነበር የአንደኛው እናት የመስኮት ቀዳዳ ደፍናበታለች።

ሦስት፦ ሦስተኛው ስለ ሄሊኮፕተሩ ነበር። ቡሩል የጻፍኩትን አንብባ «እሱን ተወው፣ አንተ ሽማግሌ! ስለ ልጄ ጻፍ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ሄሊኮፕተሩን የገዛው ሰው ያውቀዋል።

አራት፦ ከሶቪየት ዘመን ወርሳችሁ ሳትሸጡ ስላቆያችሁት አንድ ዕቃ። ታንኩ ሲሸጥ፣ ነዳጁ ሲሸጥ፣ የወጥ ቤቱ ድስት ሳይቀር ሲሸጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ገዢ ስላልተገኘለት ይመስለኛል። እሱም በየጦር ሰፈሩ የቆዩት ወታደሮች «አያቶች» ተብለው በአዲሶቹ ላይ የሚነግሡበት ሥርዓት ነው። አዲሱ ልጅ የአያቱን ካልሲ ያጥባል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ ከቤት የተላከለትን ያስረክባል፣ አያቱ ከደበረው ደግሞ ይመታል። መኮንኖቹ ይህን ያውቃሉ፤ ያውቃሉና ማታ በጊዜ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኔም በወጣትነቴ አይቼዋለሁ፣ እርስዎም አይተውታል። ያኔ እናንተ ወጣት መኮንኖች ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰብስባችሁን «በራሳችን ሠራዊት ውስጥ ይህ ነውር አይደገምም» ስትሉ ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው እኔ ነበርኩ። ቃልዎን ስላልጠበቁ ጭብጨባዬን መልሱልኝ አልልዎትም።

አምስት፦ ስለ ዳቦው። እርስዎ ልጅ ለውትድርና ልከው ስለማያውቁ ልማዱን ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። በእኛ ዘንድ ወጣት ለውትድርና ሲጠራ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በግ ይታረዳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ልጁ ደጃፉን ከመውጣቱ በፊት እናቱ ትኩስ ክብ ዳቦ ታቀርብለትና አንድ ጊዜ ብቻ ይነክሳል። የቀረውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከበሩ በላይ ትሰቅለዋለች። ሲመለስ አውርዶ ይጨርሰዋል፣ ይኸው ነው። እስኪመለስ ድረስ ከነከሰው ልጅና ከሰቀለችው እናት በቀር ያን ዳቦ ማንም አያወርድም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት ልጆቹን አውጥቶ ለዳቦው እናቲቱን ይጠራል።

ቲሌክ በስተርጅና ያገኘነው አንድ ልጃችን ነበር። በመኪና መንገዱ ዳር ጎማ ይጠግን ነበር፤ ሠርግ ቤት ደግሞ የሎሚናት ጠርሙስ በፊት ጥርሱ እየከፈተ ሰው ማሣቅ ይወድ ነበር። እናቱ «አንተ ልጅ! ትሰብረውና ማን ጥርስ የለሽ ሙሽራ ያገባል?» ስትለው «ብረት ነው፣ እማ! ነይ ንኪው» ብሎ አፉን ይከፍትላታል። የሄደ ዕለትም እንደ ልማዱ ጠርዙን ቆረስ ማድረግ ሲበቃው ዳቦውን እስከ መሐሉ ነከሰው። ሰው ሁሉ ሣቀ። ጎረቤታችን «ኧረ ቀስ፣ ሲመለስ ምን ሊበላ ነው!» አለ። ቡሩል ግን አልሣቀችም፤ ጨርቁን ጠቅልላ መልሳ እየፈታች ንክሻውን ታይ ነበር፣ እኔም ተቆጣኋት፣ ሟርት ይመስላል ብዬ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለልን። «እማ፣ ዳቦው አለ?» አለ። «አለ» አለችው። «አይጥ እንዳይደርስበት» አለ። ሲናገር ትንፋሹ በአፉ ፊት ለፊት ያፏጭ ነበርና «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታወራው?» ስትለው «ብርድ ነው፣ ከንፈሬ ደርቆ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ላለው ቁጥር መስጠት ስላቃተኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ስድስት ብዬ የምጽፈው ነገር አይደለም።

ቲሌክን በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ አመጣችሁልን። ከሣጥኑ ጋር የመጣው መኮንን በእንቅልፉ ላይ ልቡ ቆሞ እንደሞተ፣ ሣጥኑም በትእዛዝ እንደማይከፈት ነገረኝ። እኔ ሟች በቤተሰቡ እጅ ካልታጠበ አፈር እንደማይቀምስ ነገርኩት።

«ታጥቧል፣ አባባ» አለኝ።

«ማን አጠበው?»

«መንግሥት» አለኝ።

ለዚህ የመንግሥት ድካም ውለታችንን የምንመልስበት ቃል የለንም፤ ብዙ መንግሥታት ሕዝባቸውን ያስለቅሳሉ፣ ሬሳ አጥቦ የሚልክ ግን የእኛ ብቻ ነው። ሆኖም እኔ የድሮ ሰው ስለሆንኩና መንግሥት ሲያጥብ ከጆሮ ጀርባ እንደሚዘነጋ ስለማውቅ፣ መኮንኑ ምሳ እስኪበላ ጠብቄ ሣጥኑን በቆርቆሮ መቀስ ከፈትኩት። ልጄን እኔና የሚስቴ ወንድም አጠብነው። ጎኑ ከብብቱ እስከ ዳሌው ጠቁሯል። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርገው አራቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ የሉም። ድዱ ደግሞ ድኗል፤ ማለት በሞተበት ዕለት የወለቁ አይደሉም፣ ቀደም ብለው የወለቁ ናቸው። ያን ጊዜ የስልኩ ፉጨት ገባኝ። ልጄ ጥርሱን ካጣ በኋላ በእናንተ ሰፈር ብዙ ኖሯል፣ ደውሎም ስለ ዳቦው ጠይቋል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሲሰለፍ አንድም መኮንን «አፍህ ምን ሆነ?» አላለውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ የተሰማኝን በአክብሮት ቋንቋ ልጽፍልዎ ሞክሬ አልቻልኩም። ጠላሁዎት። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ጠልቼ አላውቅም።

አቤት ስንል መርማሪ ኮሚሽን አቋቋሙልን፤ እናመሰግናለን። ኮሚሽኑ ልጁ በተፈጥሮ ልበ ደካማ እንደነበር፣ ጎኑ የጠቆረው ሣጥኑ በመኪና ሲጓዝ በመንገላታቱ እንደሆነ ደረሰበት። ለዚህ ግኝት ሐኪሞቹ ሊሸለሙ ይገባል፤ ከሞተ በኋላ የሚበልዝ ሰው በሕክምና ታሪክ የመጀመሪያው ልጄ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ጥርሱ ደግሞ እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ «የሟቹ የላይኛው የፊት ጥርሶች በቤተሰብ ቸልተኝነት ከምልመላ በፊት የወለቁ በመሆናቸው ከአሟሟቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም።»

ቡሩል ይህን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ በርጩማ አምጥታ ወጣችና ጨርቁን አውርዳ ፈታችው፣ ዳቦውንም ጠረጴዛው ላይ ከወረቀቱ አጠገብ አኖረችው። ዳቦው ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ በንክሻው ጫፍ ላይ የአራቱም ጥርሶች ምልክት አንድ ባንድ ይታያል። «እነዚህን የነከሰው ታዲያ ማን ነው? ጎረቤት ነው?» አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው፣ እርስዎን ነበር፤ እርስዎ ግን በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ ሆነው ስለ አዲሱ የደንብ ልብስ ባርኔጣ ይናገሩ ነበር።

ሻለቃ ኤሰንጉል በመስታወት ሣጥኑ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጉዳዩ እንዲህ ነበር፤ ሙዚየሙ ጀግና አነሰው። እናም የሙዚየሙ ክፍል ስም ሲያፈላልግ ቲሌክን «በግዳጅ ላይ እያለ የተሠዋ» ብሎ መዝግቦት ኖሯል። በሚኒስቴርዎ አንደኛ ፎቅ ልጄ በልቡ ድካም ሞቷል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጀግና ሆኖ ተሠውቷል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ምናልባት በሕይወት ይኖር ይሆናል፣ ሊፍቱ የሚሠራ ቢሆን ወጥተን እንጠይቅ ነበር። ሻለቃው ዳቦውን ስንከለክለው አልተቆጣም፤ ቡሩል ገልጣ ብታሳየው ፎቶግራፍ ብቻ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቀ። ቡሩል «አንሣ፣ በደንብ አድርገህ አንሣ። በተለይ ንክሻውን» አለችው። ጨዋ ልጅ ነው፣ በደንብ አነሣው፤ ቡሩልም ዳቦውን ጠቅልላ መልሳ ከበሩ በላይ ሰቀለችው። ሣጥኑን ግን «ሐሳባችሁን ብትለውጡ» ብሎ እኛው ዘንድ ትቶት ሄደ።

ክቡር ሆይ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን የማቀርበው እዚህ ላይ ነው። ሚኒስቴርዎ ለበዓሉ ያሳተመው ካላንደር ደረሰን። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። ጥር ላይ እርስዎ ነዎት፣ የካቲት ላይም እርስዎ ነዎት፣ መጋቢት ላይ የልጄ ዳቦ ገጹን ሞልቶ ተቀምጧል። ከሥሩ «ጀግናው ቲሌክ በጠንካራ የወጣት ጥርሶቹ የነከሰው የእናት ዳቦ» ተብሎ ታትሟል፤ ማዕዘኑ ላይ የሚኒስቴሩ ማኅተም አለበት። በየጦር ሰፈሩ፣ በየቢሮው፣ በዚያ የኮሚሽን ሐኪም ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኛ ተራ ሰዎች ይህን ያህል ብንለፋ ሐቃችንን በማኅተም አስደግፈን በመላ አገሪቱ ልናሰቅል ባልቻልን ነበር።

የመጋቢቱን ገጽ ከኮሚሽኑ ወረቀት ጋር አያይዤ ለዐቃቤ ሕግ ባስገባሁ ሰሞን ሻለቃ ኤሰንጉል ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ይዞ ነበር። «አባባ፣ ዳቦውን ስጡንና ነገሩ ይዘጋ። ለናንተም ይሻላል» አለ፤ ሲናገር ወለሉን እንጂ እኔን አያይም። ቡሩል በርጩማውን ከበሩ ሥር አስጠጋችለት። «ውሰደዋ! በርጩማው ያውልህ። አውርደው» አለችው። ወጣ። እጁን ዘረጋ። እጁ ጨርቁ ላይ ሳይደርስ ቀረ። «እናትህ ያንተን የት ነበር የሰቀለችው?» አለችው። «ከምድጃው በላይ» አለ። «ተመልሰህ በላኸው?» «በላሁት፣ እማማ» አለና ወረደ። አንደኛው ሲቪል ለባሽ ሌላውን በክርኑ ነካ አድርጎ ወደ በርጩማው ጠቆመው። ያኛው «እኔ አልነካም፣ አንተ ንካው» አለ። እርስ በርስ ሲገፋፉ ቆይተው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እንግዲህ እነዚህ የእናት ልጆች ስለሆኑ አይፍረዱባቸው። ደግመው ሰው ሲልኩ ዳቦ ተሰቅሎለት የማያውቅ ቢመርጡ ሥራው ይቀላል፤ በቤትዎ እንዲህ ያለ አንድ ወጣት እንዳለ ሰምተናል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ልማዱ የሚለው፣ የሄደው ልጅ ሳይመለስ ከቀረ እናቱ በአርባው ዳቦውን አውርዳ በመቃብሩ ላይ ለወፎች ትፈረፍረዋለች ነው። ያን ጊዜ የልጁ ጉዞ ያበቃል፤ እሱም ያርፋል፣ እሷም ታርፋለች። የቲሌክ አርባ ካለፈ ሁለት ክረምት ሆኗል። ቡሩል አልፈረፈረችውም። የመስጊዳችን ኢማም መጥቶ መከራት፣ እህቶቿ አለቀሱባት፣ እኔ ለመንኳት። «ዳቦውን ከሰጠሁ ጥርስ አልነበረውም ያሉት ነገር እውነት ሆኖ ይቀራል» ነው መልሷ። ስለዚህ ልጃችን እዚያ ከበሩ በላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞቱም ሳይሞላለት ተንጠልጥሏል፤ በገባንና በወጣን ቁጥር በላያችን ነው። ሚስቴ እያለቀች ነው፣ ክቡር ሆይ። ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትውላለች፣ አይጥ እየጠበቀች።

እኛ ካሣ አልጠየቅንም። ሜዳልያ አልጠየቅንም፤ የላኩትንም መልሰናል። የምንለምነው ኮሚሽንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያርም ነው፦ «ቲሌክ ሲመጣ ጥርሱ ሙሉ ነበር፤ በእኛ እጅ ተደብድቦ ሞተ።» ይህችን ጽፈው ይፈርሙባት። በዚያው ዕለት ዳቦው ይወርዳል፣ ወፎቹም ይበላሉ፤ ማስረጃውም ከእነሱ ጋር ይበራል፤ እርስዎም ሙዚየምዎን በሰላም ይመርቃሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ዳቦው የእኛ ነው። የሚኒስቴሩ ንብረት የሆኑት እነዚያ አራት ጥርሶች ናቸው፤ ከአንዱ ሰፈራችሁ አልጋ ሥር ተጠርገው ካልተጣሉ አፈላልገው ያግኟቸውና እነሱን መስታወት ውስጥ ያስቀምጡ። መብራትም ያብሩላቸው።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ይህን ምኞት ቡሩል «ከልጄ ዕድሜ የተረፈው ለእሱ ይጨመርለት፣ እያንዳንዱን ቀን እያስታወሰ ይኑርበት» ብላ እንድጽፍ ነግራኛለች፤ እንዳለችው ጻፍኩ።

አንድ ጊዜ ለፈረሰ አገር፣ አንድ ጊዜ ለመጋረጃ የማልኩ፣ ሁለት ካፖርት ያስረከብኩዎና አንድ ልጅ ያስረከብኩዎ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ

ኦሮዝቤክ፣ የቲሌክ አባት
ኮክ-ዣር

ግልባጭ፦
ለዐቃቤ ሕግ፣ መልስ ባይሰጡም እንደሚያነቡ ስለምናውቅ
ለመርማሪ ኮሚሽኑ ሐኪም፣ ከወንበራቸው በስተጀርባ ወዳለው ካላንደር ዞር እንዲሉ
ለሻለቃ ኤሰንጉል እናት፣ ከሰላምታ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመስታወት ሣጥኑን በክብር መልሰናል፤ ባዶውን መላክ ነውር ስለሆነ ቡሩል ዛሬ የወጣ ዳቦ አስገብታበታለች። ያልተነከሰ ነው። አውሮፓ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚማረው ልጅዎ ለዕረፍት ሲመጣ አንድ ጊዜ ይንከሰውና ቲሌክ ወደነበረበት ሰፈር ይላኩት፤ ዳቦውን መልሰው ከላኩልን እኛ ከበራችን በላይ ከልጃችን ዳቦ ጎን ሰቅለን አይጥ እንጠብቅለታለን። ሲመለስ አፉ ከንክሻው ጋር ከገጠመ አውርዶ ይብላው። ባይገጥምም አይጨነቁ፤ ድሮም ጥርስ አልነበረውም ብሎ ኮሚሽንዎ ይጽፍልዎታል።